«አይዞህ»ን ወደ ሥራ መቀየር፦ በወጣትነት ፓርኪንሰን ሲይዝ ድጋፍ እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ የከዳኝ ፊርማዬ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በቀን ስንት ወረቀት ላይ እንደምፈርም አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ገንዘብ ላወጣ ባንክ ሄድኩ። ልጅቷ ፊርማዬን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። «አይመሳሰልም» አለችኝ። ደግሜ ፈረምኩ። ሠለስኩ። ፊርማው በፈረምኩ ቁጥር እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ የጉንዳን መንገድ መሰለ። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ «ማታ አምሽቶ ነው» ሲል ሰማሁት። 37 ዓመቴ ነበር። መጠጥ አልቀምስም።

ከዚያ በፊትም ምልክቶች ነበሩ። ትከሻዬ ይዞኝ «ብርድ ነው» ተብዬ ወራት ሙሉ ታሸሁ። ጠዋት ስነሳ የቀኝ እግሬ ጣቶች ይኮማተራሉ። ስራመድ ቀኝ እጄ እንደማይወዛወዝ ያየችው ደግሞ ባለቤቴ ናት። በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም «ፓርኪንሰን ነው» ሲለኝ «እሱ የሽማግሌ በሽታ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

ባብዛኛው ነው። ከ50 ዓመት በፊት ሲጀምር ግን «በወጣትነት የሚጀምር ፓርኪንሰን» ይባላል። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲነገረው 29 ዓመቱ ነበር። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ በ1984 እ.ኤ.አ. ሲነገረው 42። ሕመሙ እንቅስቃሴን የሚያቀናው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እየቀነሰ ሲሄድ የሚመጣ ነው። በወጣትነት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ያም ሆኖ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ ማሳደግና የቤት ኪራይ መሐል ገብቶ ይቀመጣል።

ዜናው እንደተሰማ ቤቴ በጠያቂ ተሞላ። ብርቱካን መጣ፣ ሙዝ መጣ፣ «አይዞህ» መጣ። ሁሉም ከልቡ ነበር። ሲወጡ ግን መድኃኒቱ እንዳለቀ ነው፣ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ የለም፣ እኔም ሸሚዜን መቆለፍ አቅቶኛል። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ምን እንደሚያደርጉልኝ አልነገርኳቸውም። ቀስ በቀስ የተማርኩት ድጋፍ ተቆራርሶ እንደሚገኝ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሥራ፣ ከነሰዓቱ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያንን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

1. ከሁሉ በፊት በሽታው በትክክል መታወቁን አረጋግጡ

ምርመራው ካልተጣራ ድጋፍ መፈለግ በማይታወቅ ሰፈር ቤት እንደመፈለግ ነው። አጠቃላይ ሐኪም ጋ አትቁሙ፤ ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር ጠይቁ። በመንግሥት በኩል አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ ሆስፒታሎች የነርቭ ክሊኒክ አላቸው። ቀጠሮው ሊርቅ ይችላል። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ ከሆነ የሪፈር ወረቀቱን፣ የቀደሙ የምርመራ ውጤቶችንና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ኑ። አንድ ወረቀት ጎድሎ መመለስ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ለሐኪሙ የሚጠቅመው ትልቁ ማስረጃ ስልካችሁ ላይ ነው። ሰው ፊት ስንቀርብ መንቀጥቀጡ ይብሳል ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስትራመዱ፣ ስትጽፉ፣ ቁልፍ ስትቆልፉ የቤተሰብ ሰው ቪዲዮ ይቅረጻችሁ። አንድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው «አንድ ሥራ» ይኸው ነው፤ ለወንድም ወይም ለእህት ስጡት።

ወጣት ከሆናችሁ ሐኪሙን «ዊልሰን የሚባለው በሽታ ተጣርቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሰውነት ውስጥ የመዳብ ክምችት የሚያመጣው ሕመም ነው፤ ፓርኪንሰን ይመስላል፣ የራሱ ሕክምና ግን አለው። ሌላው ደግሞ መድኃኒት ነው። ለማቅለሽለሽ በየፋርማሲው የሚሰጠው ፕላሲል፣ እንዲሁም ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ራሳቸው ፓርኪንሰን የሚመስል ምልክት ያመጣሉ። ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ደግሞ ሕመሙን ያባብሱበታል። የእነዚህን ስም በትንሽ ካርድ ላይ ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ከላዩ «ፓርኪንሰን አለብኝ፤ እነዚህን እንዳትሰጡኝ» ይበል። ድንገት ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ ካርዱ ይናገርላችኋል።

2. አንድ ገጽ ጻፉ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ፤ የሌላው ሁሉ መሠረት ነው። ለአንድ ሳምንት ቀናችሁን በሰዓት መዝግቡ። መድኃኒት የወሰዳችሁበት ሰዓት፣ መድኃኒቱ መሥራት የጀመረበት፣ ኃይሉ ያለቀበት። እኛ «ሲበራ» እና «ሲጠፋ» እንለዋለን፤ ልክ እንደ መብራት ኃይል። ሲበራ መኪና እነዳለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ሲጠፋ ካልሲ ማጥለቅ የግማሽ ሰዓት ሥራ ይሆናል።

ከሳምንቱ በኋላ ሦስት ነገር ይታያችኋል። ብቻችሁን የምትችሉት፣ በተወሰነ ሰዓት ብቻ የምትችሉት፣ ጭራሽ የማትችሉት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር አንድ ገጽ ላይ ለየብቻው ጻፉት። «ልጅ መንከባከብ» ብላችሁ አትጻፉ። «ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ልጅቷን ከትምህርት ቤት ማምጣት» በሉ። ሰው ትልቅ ሸክም ሲያይ ይሸሻል። ትንሽ ሥራ ሲያይ ግን «እሱማ ምን ችግር አለው» ይላል።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ የመድኃኒት ፕሮግራሜን በስልክ አውጥቶ ላከልኝ፦ 7፣ 11፣ 3፣ 7። እናቴ ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ ጠዋት ደርቄ ቁጭ ብያለሁ፤ እሷ የምትጠብቀው የቀኑን 7 ሰዓት ነው! ስለዚህ በእኛ ሰዓት ጻፉ፦ ጠዋት 1፣ ረፋድ 5፣ ቀን 9፣ ማታ 1። የእናንተ ሰዓት ሐኪማችሁ እንዳዘዘው ነው፤ ይህ የእኔ ነው።

3. ቤት ውስጥ መጀመሪያ ለማን ይነገር?

ለትዳር አጋር። እሱን ዘልሎ ለእናት መንገር ቤት ውስጥ ሁለት ቁስል ይፈጥራል። ስትነግሩ በ«ሲበራ» ሰዓት ይሁን፤ ፊታችሁ ሲደርቅ የተናደዳችሁ ይመስላል። ይህን ራሱን አስረዱ። የፊት ጡንቻ ስለሚደነድን ፈገግታ ይጠፋል፣ ድምፅም ያንሳል። ባለቤቴ ለወራት «አኩርፎኛል» ብላ ታስብ ነበር።

ልጆች ከምታስቡት በላይ ያያሉ። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። «አባባ እጁ የሚንቀጠቀጠው ስለፈራ ነው?» ብላ እናቷን ጠየቀቻት። ከዚያ ቀን በኋላ በአጭሩ ነገርኳት፦ አይተላለፍም፣ በእሷ ጥፋት አይደለም፣ መድኃኒት አለው። የ9 ሰዓቱን ኪኒን ማስታወስ የእሷ ሥራ ሆነ። ኮራችበት። (ኪኒኑን የምታስታውሰኝ እንጂ የምትሰጠኝ እሷ አይደለችም፤ ዕቃው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው።)

ወላጆች ጋ ሌላ ዓይነት ጥበብ ያስፈልጋል። እናቴ መጀመሪያ ያለችው «መተት ነው» ነው። ቀጥላ ጸበል አለች። አልተከራከርኳትም። ጸበል ሄድኩ፣ ኪኒኔን ግን በኪሴ ይዤ። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጸበሉ ጎን መድኃኒታቸውን እንዲቀጥሉ በይፋ መናገራቸውን ሳስታውሳት እናቴ ተረጋጋች። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ የፓርኪንሰን መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ከባድ ትኩሳት፣ መደንደንና ራስን መሳት ሊያመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ያሳጣል። «ጸበል ላይ መድኃኒት ይተዋል» የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

4. የመድኃኒት ሰው ሹሙ

ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር የተዋሐደው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ዝርዝር ውስጥ መኖርና መደርደሪያ ላይ መኖር ግን ይለያያል። አንዳንድ ወር ከተማውን ማዳረስ ግድ ይላል።

ይህን ሩጫ «በጠፋ» ሰዓት መሮጥ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰው ይመደብ። የእኔ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ስለሚዞር። ሥራው ይህ ነው፦ የአንድ ወር መድኃኒት ሲቀር መፈለግ ይጀምራል፤ ሳምንት ሲቀር አይደለም። የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን፣ የሆስፒታሉን ፋርማሲና አንድ ሁለት የግል ፋርማሲዎችን ስልክ ይይዛል። ሄዶ ከመጠየቅ ደውሎ መጠየቅ የታክሲ ያድናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መድኃኒቱን ይሸፍን እንደሆነ ከጤና ጣቢያችሁ አጣሩ።

ከውጭ የሚላክ ከሆነ መጠኑን አንብቡ። 250/25 የሚለውና 100/25 የሚለው አንድ አይደሉም። ትልቁ ቁጥር ሌቮዶፓው ነው። የለመዳችሁት አንዱን ሆኖ ሌላው ቢመጣ «አንድ በአንድ» ብላችሁ አትተኩ፤ ሐኪሙ ያስላላችሁ።

ምግብም እዚህ ይገባል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮም ቢሆን፣ ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ይጋፋል። ቁርጥ የበላሁ ቀን መድኃኒቱ የገባበት ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ መውሰድ ነው። የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) የምትወስዱም ሰዓቱን አራርቁ። ባቄላ ደግሞ ጉደኛ ነው። በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው፤ በተለይ እሸቱ። ይህን የሰማች ጎረቤቴ አንድ ኩንታል ልትገዛልኝ ነበር። መጠኑ ከእሸት እሸት ስለሚለያይ መድኃኒት አይተካም። እሸት መብላቴን ግን አልተውኩም።

5. ሕመሙ ያለባቸውን ሰዎች ፈልጉ

ሐኪም ያላለኝን ብዙ ነገር የነገሩኝ ታማሚዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓርኪንሰን ፔሸንትስ ሰፖርት ኦርጋናይዜሽን ኢትዮጵያ» የሚባል ድርጅት አለ። የመሠረቱት ወ/ሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ናቸው። መጀመሪያ ስሄድ ፈርቼ ነበር። «የነገዬን አይቼ እመለሳለሁ» ብዬ። እውነት ነው፣ ከእኔ የባሰባቸውን አየሁ። እየሳቁ ቡና ሲጠጡም አየሁ።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ጥያቄ ያዙ። መድኃኒት ዛሬ የት አለ? ፊዚዮቴራፒ የት ይሻላል? በኔ ዕድሜ ያለ ሰው አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ዋነኛው ነው። የ70 ዓመት አባት ስለ ጡረታቸው ሲያወሩ እናንተ የምታስቡት ስለ ልጅ መውለድ ሊሆን ይችላል። ሴቶች በወር አበባ ሰሞን ምልክቱ እንደሚብስባቸው የሚነግራችሁ እዚያው የደረሰባት ሴት ናት። ማርገዝ የምታስቡ ከሆነ ግን ከማርገዛችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ መድኃኒቶቹ ሁሉ ለእርግዝና አንድ አይደሉም።

የቴሌግራም ቡድኖች ጥሩ ናቸው፣ «ፓርኪንሰንን ከሥሩ የሚነቅል» ዱቄት የሚሸጥ ሰው ሲገባ ግን ውጡ። ከሥሩ የሚነቅል እስካሁን የለም።

6. መሥሪያ ቤት

ለአለቃ መቼ ይነገር? የእኔ ፍርድ፦ ሥራችሁ ላይ መታየት ሲጀምር፣ ሐሜት ግን ከመጀመሩ በፊት። ቀጭን መንገድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ዘገየሁ፤ «ይጠጣል» የሚለው ወሬ ቀድሞኝ አለቃዬ ጆሮ ደረሰ።

ስትነግሩ በሽታውን ብቻ ጥላችሁ አትውጡ። ከጎኑ ጥያቄ አስቀምጡ። የእኔ ሁለት ነበር፦ ከባድ ሥራዎችን ረፋድ ላይ መሥራት፣ በእጅ የሚጻፈውን በኮምፒዩተር መቀየር። ሁለቱም ድርጅቱን ሳንቲም አላስወጡትም።

ሕጉንም እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ አለው። ወረቀቱን ይዞ የሚከራከር ሰው ካስፈለጋችሁ፣ ይህም አንድ ቁራጭ ሥራ ነው፤ ሕግ ለተማረ ዘመድ ስጡት።

7. እድር፣ ማኅበር፣ የንስሐ አባት

እድር የቀብር ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ብዙ እድሮች ለታመመ አባልም ይደርሳሉ። ሊቀመንበሩን ለብቻቸው አግኙና ንገሯቸው። እኔ የጠየቅኩት ገንዘብ አይደለም። «ለቅሶ ቤት ድንኳን መትከል አልችልም፤ ስም መጥራትና መዝገብ መያዝ ግን እችላለሁ» አልኳቸው። ቅጣት ከመክፈል ዳንኩ፣ ሥራም አገኘሁ። እቁብ ላይም እንደዚሁ፤ ከባድ የሕክምና ወጪ ካለ ዳኛው ዕጣውን ቀደም አድርጎ እንዲሰጣችሁ አባላቱን መጠየቅ ነውር የለውም።

ጾምን በተመለከተ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእኔ አባት «መድኃኒትህን በውሃ ውሰድ፤ ለታመመ ጾም አይጠናም» አሉኝ። ያለ እሳቸው ቃል ልቤ አያርፍም ነበር። ሙስሊም ወገኖቼም ቢሆኑ ሕመምተኛ በረመዳን መጾም እንደማይገደድ ቁርኣኑ ራሱ ይናገራል። መድኃኒቱ በቀን ብዙ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ለመቀየር ከማሰባችሁ በፊት ሐኪሙንም ኢማሙንም ጠይቁ።

8. የማይወራው

ድብርትና ጭንቀት የፓርኪንሰን አካል ናቸው። አንጎል ውስጥ ያለው ለውጥ ራሱ ያመጣቸዋል፤ የእምነት ማነስ አይደለም። ሕክምና አላቸው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ተናግራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ጋ ስትሄዱ ከላይ ያልኩትን የመድኃኒት ስሞች ካርድ አሳዩ።

ሌላው አሳፋሪ የሚመስለው ነው። ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል የሚባሉት የፓርኪንሰን መድኃኒቶች አንዳንድ ሰው ላይ የማይቆም ፍላጎት ይቀሰቅሳሉ። ቁማር፣ ግዢ፣ ወሲብ፣ መብላት። የስፖርት ውርርድ በተስፋፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው አይታወቀውም፤ የሚታወቀው ለቤቱ ሰው ነው። መድኃኒቱን ስትጀምሩ ለትዳር አጋራችሁ ወይም ለቅርብ ጓደኛ «ባህሪዬ ከተቀየረ ለሐኪሙ ደውል» የሚል ፈቃድ ቀድማችሁ ስጡ። በራሳችሁ ግን አታቁሙት።

9. አብሮ የሚንቀሳቀስ ሰው

ስፖርት ለዚህ ሕመም እንደ መድኃኒት ነው፣ ብቻውን ግን ማንም አይዘልቀውም። ጠዋት የሚራመድ ጎረቤት ፈልጉ። ታንጎ ዳንስ ለሚዛን እንደሚረዳ ተጠንቷል፤ እኛ ደግሞ እስክስታ አለን፣ ለደነደነ ትከሻ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? እግራችሁ በር ላይ ድንገት ከመሬት ከተጣበቀ አብሮ የሚሄደው ሰው እንዳይጎትታችሁ ንገሩት። ይጥላችኋል። ይልቁንም እግሩን ከፊታችሁ አድርጎ «ይህን ተሻገር» ይበላችሁ፣ ወይም ይቁጠርላችሁ። ሲሠራ ሲያዩት አስማት ይመስላል።

10. ከአገር ውጭ ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። መሥራት ካቃታችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ አለ፤ ክፍያው ከጀመረ ከ24 ወር በኋላ 65 ሳይሞላችሁም ሜዲኬር ታገኛላችሁ። የፓርኪንሰን ፋውንዴሽን የስልክ መስመርም አለ። እስራኤል ያላችሁ ቢቱአህ ሌኡሚን (የብሔራዊ መድን ተቋሙን)፣ እንግሊዝ ያላችሁ ፓርኪንሰንስ ዩኬን ጠይቁ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች ከባድ ነው፤ «ወደ አገር ይመልሱኛል» ብላችሁ ሕመሙን ትደብቃላችሁ። ቢያንስ የሕክምና ወረቀታችሁን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት ላለ ሰው ላኩ፤ አገር ስትገቡ ከዜሮ አትጀምሩም።

11. ገጹን በየሦስት ወሩ አድሱ

ሕመሙ ይቀየራል፣ ሰውም ይደክመዋል። የአጎቴ ልጅ ዘንድሮ አገባ፤ የመድኃኒቱን ሩጫ ለሌላ ሰው አዛወርኩት፣ ሳይቀየመኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት የራሷ እንዲሆን ተስማማን፤ እህቴ ትመጣለች። ባንኩ ጋም ሄጄ ፊርማዬን ቀየርኩ። አዲሱ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት፣ መድኃኒቱ ሲበራ ሄጄ ነው የፈረምኩት። ልጄ አጠገቤ ቆማ «ከዚህ በላይ እንዳታሳንሰው» አለችኝ።